እቴጌ ጣይቱ ብጡል እና ያልተመረመረው መካንነት

የእቴጌ ጣይቱ ብጡል ስም በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚታወሰው የውጫሌ ውል ክርክር፣ የመቀሌ ምሽግ ከበባ፣ የዐድዋ ድልና የአዲስ አበባ መቆርቆር ነው። ይህ ሁሉ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ታሪክ ነው። በአንጻሩ ግን የእኒህ ሴት ሕይወት በተተረከ ጊዜ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ታልፎ የሚቀር ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ልጅ ሳይወልዱ መሞታቸው ነው። ነገሩ የአንዲት ሴት የግል ኀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳይነሣ መቅረቱ ባልከፋ። ዳሩ ግን የዐፄ ምኒልክን ዘመነ መንግሥት ፍጻሜ፣ የአልጋ ወራሽነቱን ጥያቄ፣ የእቴጌዪቱንም ከሥልጣን መገለል ከዚህ ጉዳይ ነጥሎ መረዳት አይቻልም። ለጤና ባለሙያ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለበት፤ የአንድ ትዳር አለመውለድ ያለ አንዳች ምርመራ በሴቲቱ ላይ ብቻ ሲቈጠር ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል ከቤተ መንግሥት እስከ ጎጆ የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

ጣይቱ የተወለዱት ከሰሜን ገዥዎች ቤት ነው። አባታቸው ራስ ብጡል ኃይለ ማርያም ሲሆኑ፣ አጎታቸው ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሰሜንንና ትግራይን አጣምረው የገዙ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉን ከዐፄ ሱስንዮስ ይመዝዝ ነበር። የዚህ ቤት መሠረት ዛሬ የሰሜን ጎንደር ደጋ የሚባለው፣ በራስ ዳሸን ዙሪያ የተዘረጋው ብርዳምና ገደላማ አገር ነው። ደጃዝማች ውቤ በዚያው በሰሜን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር። ይሁን እንጂ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. እዚያው ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ጦር ድል ሆኑ፤ ካሣም በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። የሰሜን ቤት የቀድሞ ክብሩን በአንድ ቀን ጦርነት አጣ። የጣይቱ የልጅነት ዕድሜ ያለፈው እንግዲህ በተሸናፊ ቤተሰብ ውስጥ፣ የአባትና የአጎት ጥላ በተገፈፈበት ዘመን ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ግን ትምህርት አልተነፈጉም። በዚያ ዘመን ለመኳንንት ሴቶች ልጆች እንኳ ባልተለመደ ሁኔታ ማንበብና መጻፍ፣ ግዕዝም ተማሩ፤ በገና መደርደርንም ቻሉ። እንደ ጊዜው ልማድ በቤተሰብ ውል ተዳሩ፤ ትዳሩ አልሰምር ሲልም ሌላ ተከተለ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ከዐፄ ምኒልክ ጋር ከመጋባታቸው በፊት አራት ጊዜ ያህል አግብተዋል። ከእነዚህ ትዳሮች በአንዱም ልጅ አላፈሩም።

በጎንደር ወግ ለአንዲት የነገሥታት ቤት ሴት ልጅ መውለድ ምን ማለት እንደነበረ ለመገንዘብ ወደ እቴጌ ምንትዋብ መመለስ ይበቃል። ምንትዋብ እ.ኤ.አ. በ1730 ዐፄ በካፋ በሞቱ ጊዜ በሕፃኑ ልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም የመንግሥቱን ልጓም ጨበጡ፤ ልጃቸው ሲሞትም በልጅ ልጃቸው በኢዮአስ ዘመን ሥልጣናቸውን ጠብቀው ቆዩ። ቁስቋምን ያሠሩት፣ በጎንደር ፖለቲካ ላይ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የከበዱት በብልኀታቸው ብቻ ሳይሆን የንጉሥ እናት በመሆናቸው ጭምር ነበር። ጣይቱ ከዚያው ምድር የወጡ፣ በብልኀትም የማያንሱ ሴት ሆነው ሳለ፣ ይህኛው የሥልጣን በር ግን ተዘግቶባቸው ነበር።

ጣይቱ የሸዋውን ንጉሥ ምኒልክን በአንኮበር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያገቡት በሚያዝያ ወር 1875 ዓ.ም. ነው። የልደታቸው ዘመን በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ በሁለት መንገድ ይቈጠራል፤ አንዳንዶቹ 1832 ዓ.ም. ሲሉ ሌሎቹ ወደ 1843 ዓ.ም. ገደማ ያደርሱታል። ለተራ አንባቢ ይህ የአሥር ዓመት ልዩነት እንደ ቀላል ነገር ይታይ ይሆናል። ለማኅፀንና ጽንስ ሐኪም ግን ቀላል አይደለም። ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የምትጠቀምበትን የእንቁላል ክምችት ይዛ ትወለዳለች፤ ክምችቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየተመናመነ ይሄዳል፤ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል። በመጀመሪያው ቈጠራ ሙሽሪት በዚያ ቀን አርባ ዓመት ያለፋቸው፣ በሁለተኛው ደግሞ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበሩ ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሌላ በሽታ መፈለግ ሳያስፈልግ ዕድሜ ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው እውነት ከሆነ ግን ጥያቄው እንደገና ይከፈታል።

የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ሒሳብ ከዚህ ይልቅ አጭር ነበር። ምኒልክ ከሌሎች ሴቶች የወለዷቸው ልጆች ነበሯቸው፤ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ ወይዘሮ ዘውዲቱና በልጅነቱ የሞተው ወንድ ልጃቸው አስፋ ወሰን። ስለዚህ ችግሩ ከእቴጌዪቱ መሆን አለበት ተባለ። ይህ ሒሳብ ግን ከማለቁ በፊት የተዘጋ ሒሳብ ነው። አንደኛ፣ እነዚህ በይፋ የታወቁት የምኒልክ ልጆች ሁሉ የተወለዱት ከ1875ቱ ጋብቻ በፊት ነው፤ የመጨረሻዋ ዘውዲቱ እንኳ በጋብቻው ወቅት ሰባት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሁለተኛ፣ ከጣይቱ በፊት ከምኒልክ ጋር የኖሩት ወይዘሮ ባፈና ከቀደሙ ትዳሮቻቸው ብዙ ልጆች የወለዱ ሆነው ሳለ ከምኒልክ ግን አልወለዱም። ከዚህ ተነሥቶ ምክንያቱ በንጉሡ ነበረ ብሎ መፍረድ የቀድሞውን ስሕተት በተቃራኒው መድገም ይሆናል። የሚያስረዳው ነገር ቢኖር ወንድ ቀድሞ መውለዱ በኋላም እንደሚወልድ ማረጋገጫ አለመሆኑን፣ መካንነትም የአንድ ሰው ሳይሆን የጥንዶች ጉዳይ መሆኑን ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሚመረመሩት ጥንዶች ግማሽ በሚጠጉት ዘንድ የወንዱ ችግር ለብቻው ወይም ከሴቲቱ ጋር ተደርቦ ይገኛል።

በዚያ ዘመን ልጅ ያጣች ሴት ያላት መፍትሔ የታወቀ ነበር፤ ስለት መሳል፣ ጠበል መጠመቅ፣ ወደ ገዳማት መሄድ፣ የባሕል መድኃኒት ዐዋቂ መጠየቅ። ይህ በባላገርና በወይዘሮ መካከል ልዩነት አልነበረውም። የሙቅ ውኃ ምንጮችም ለልዩ ልዩ ሕመም ይፈለጉ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርዳማ ተራራ ወርደው የፍልውኃውን አካባቢ በመውደዳቸው በ1879 ዓ.ም. ቤት እንዲሠራላቸው መጠየቃቸውና ቦታውን አዲስ አበባ ብለው መሰየማቸው የታወቀ ነው። ልጅ ያልወለዱት ሴት ለአገሪቱ ዋና ከተማ ስም አወጡ።

ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ሲጭኑ፣ ጣይቱ ከሁለት ቀን በኋላ እቴጌ ተብለው ነገሡ። በውጫሌ ውል በዐሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ላይ በተነሣው ክርክር ከኢጣልያ ጋር ከማይረባ ስምምነት ይልቅ ጦርነትን የመረጡ ነበሩ። በዘመቻው ከባለቤታቸው ጋር የራሳቸውን ጦር መርተው ዘመቱ። በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ በተከበበ ጊዜ ጠላት የሚጠጣው ውኃ እንዲያዝ የተደረገው በእርሳቸው ምክር ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ደግሞ ለተዋጊው ውኃ የሚያቀብሉትን፣ ቍስለኛውንም የሚረዱትን ሴቶች አሰልፈው ዋሉ።

በዚያው በ1888 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ጦሩ ወደ ሰሜን በመጓዝ ላይ ሳለ፣ ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን በአገራችን ራጅ እየተባለ የሚጠራውን ጨረር አገኙ። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ከፍተው ለዓመታት ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዚያው ተተካ። የዘመናዊ ሕክምና በር እንዲህ ሲከፈት የሴትን ማኅፀን ውስጡን ማየት የሚችል መሣሪያ ግን በዓለም ላይ ገና አልነበረም። የሚያስደንቀው ነገር፣ ከሁሉ የሚቀለው የባል ምርመራ ግን የሚቻል መሆኑ ነው። የወንድ ዘር ፍሬ በማይክሮስኮፕ የታየው እ.ኤ.አ. በ1677 ነበር። ከጣይቱ ሠርግ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በየትም አገር ቢሆን ባል እንዲመረመር የማይጠየቀው እንግዲህ መሣሪያ ስለጠፋ ሳይሆን ጥያቄው እንደ ውርደት ስለሚቈጠር ነበር።

የራሳቸው ልጅ ያልነበራቸው እቴጌ የዘመዶቻቸውን ልጆች በጋብቻ እያያያዙ ለቤታቸው መሠረት ለመጣል ሞከሩ። የወንድማቸው የራስ ወሌ ብጡል ልጅ ጉግሣ ወይዘሮ ዘውዲቱን እንዲያገባ፣ የራስ ወሌ ልጅ ከፈይ ደግሞ የዐፄ ዮሐንስን ልጅ ራስ መንገሻን እንድታገባ አደረጉ። ይህ ዘዴ የሰሜኑን መሳፍንት ከሸዋ ጋር አስተሳስሯል። በአንጻሩ ግን የሸዋ መኳንንት በእቴጌዪቱ ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ አባባሰው። በእናትነት የሚገኘውን ሥልጣን በዝምድና መረብ ለመተካት የተደረገ ጥረት ነበርና መረቡ በሰፋ ቁጥር ተቃዋሚውም በረከተ።

ፈተናው የመጣው ዐፄ ምኒልክ በተደጋጋሚ ሕመም ሽባ በሆኑ ጊዜ ነው። በግንቦት ወር 1901 ዓ.ም. የወይዘሮ ሸዋረጋና የራስ ሚካኤል ልጅ ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ታወጀ። ወራሹ ገና ልጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በአልጋ ላይ ስለነበሩ የመንግሥቱን ሥራ ለጥቂት ጊዜ እቴጌዪቱ መሩት። በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. ግን መኳንንቱና መሳፍንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ እንዲወጡና ባለቤታቸውን ብቻ እንዲያስታምሙ ወሰኑ። የአልጋ ወራሽ እናት ቢሆኑ ኖሮ ይህን ውሳኔ በእርሳቸው ላይ መፈጸም ምን ያህል ይከብድ እንደነበር የምንትዋብ ታሪክ ያስረዳል።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። እቴጌ ጣይቱ ወደ እንጦጦ ወጥተው በጸሎት ተቀመጡ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረደ፤ የካቲት 4 ቀንም ዘውዲቱ ነገሡ። በኅዳር ወር 1910 ዓ.ም. ጣይቱ ወደ ጎንደር ሄደው ቀሪ ዕድሜያቸውን በዚያ ለመፈጸም ፈቃድ ጠየቁ፤ አልተፈቀደላቸውም። ከሦስት ወር በኋላ፣ የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም.፣ ዘውዲቱ በነገሡ ልክ በዓመቱ፣ የጎንደርን ምድር ዳግመኛ ሳያዩ አረፉ። ዐፅማቸው ዛሬ በአዲስ አበባ በታዕካ ነገሥት በዓታ ለማርያም ገዳም ከባለቤታቸው ጎን ይገኛል።

በሕይወታቸው ያልደረሰላቸው ጥበብ ከእርሳቸው በኋላ ደረጃ በደረጃ መጣ። ጣይቱ ጎንደርን በናፈቁበት ጊዜ ፈረንሳዊው ፖል ላንዥቫን በኳርትዝ ድንጋይ ንዝረት ከባሕር በታች የተደበቀ መርከብ የሚፈልግ የድምፅ ሞገድ ይሞክሩ ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ኢሲዶር ሩቢን ጋዝ በማኅፀን አሳልፈው የእንቁላል ማስተላለፊያ ቱቦዎች ክፍት መሆናቸውን የሚለዩበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1920 አሳተሙ። በግላስጎው የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ ደግሞ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፋብሪካ የብረት ስንጥቅ ለመፈለግ ያገለግል ከነበረ መሣሪያ ተነሥተው፣ በድምፅ ሞገድ የሆድ ዕጢን ማየት እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ1958 ለዓለም አስታወቁ። ጣይቱ ከሞቱ ልክ አርባ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አልትራሳውንድ የሚባለው ይኸው መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማውን፣ በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወደ አካል ይልካል፤ ከየብልቱ እየተንፀባረቀ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ ወደ ሥዕል ይለውጣል። ጨረር የለውም፤ ሥቃይ የለውም። ለመካንነት ምርመራ ይበልጥ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተስፋፋው፣ በብልት በኩል የሚገባው ዓይነት ነው፤ ወደ ማኅፀን ስለሚቀርብ ጥቃቅኑን ነገር አጥርቶ ያሳያል። በዚህ መሣሪያ የማኅፀን ማዮማና በማኅፀን ውስጥ የበቀለ ሥጋ፣ በተፈጥሮ ሁለት የተከፈለ ማኅፀን፣ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። በእንቁላል ማምረቻው ላይ ያሉትን ፎሊክል የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች መቍጠር ይቻላል፤ ጥቂት ከሆኑ ክምችቱ መመናመኑን፣ እጅግ ከበዙ ደግሞ እንቁላል በወቅቱ የማይለቀቅበት የሆርሞን መዛባት ሊኖር እንደሚችል ያመለክታሉ። በየቀኑ ሁለት ሚሊሜትር ያህል እየጨመረ የሚያድገውን ፎሊክል እየተከታተሉም እንቁላሉ የሚወጣበትን ቀን መገመት ይቻላል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ሁሉን አያይም፤ ይህም መታወቅ አለበት። ጤናማ የእንቁላል ቱቦ በተራ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው ተዘግቶ በፈሳሽ ሲነፋ ነው። የቱቦው ክፍት መሆን የሚረጋገጠው ፈሳሽ በማኅፀን ገብቶ በራጅ ወይም በራሱ በአልትራሳውንድ ሲታይ ነው። ይህ ለአፍሪካ ትልቅ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ጥናት እንዳመለከተው ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች በሴቶች ላይ ለሚደርሰው መካንነት አብዛኛው ምክንያት እንደ ጨብጥና ክላሚዲያ ካሉ የአባለ ዘር በሽታዎች፣ እንዲሁም ከወሊድና ከውርጃ በኋላ ከሚከተል መመረዝ የሚመጣ የቱቦ ጠባሳ ነው። እንዲህ ያለው ጠባሳ ሊከለከል ይችል የነበረ ጉዳት ነው። የአልትራሳውንዱ ሥዕል ጤናማ ነው ተብሎ ጥንዶቹን ማሰናበት ስለዚህ ያልተጠናቀቀ ምርመራ ነው።

ጣይቱ ሊመለሱባት ያልተፈቀደላቸው ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተባት፤ የጤና መኮንኖችና የማኅበረሰብ ነርሶች ከዚያ እየወጡ በየገጠሩ ተሰማሩ። በኋላም የሕክምና ፋኩልቲ ተጨመረበት፤ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከከፈተ ወዲህ እንቁላልና የወንድ ዘር ከአካል ውጭ የሚገናኙበት ሕክምና በመንግሥት ተቋም ተጀምሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. ያወጣው ዘገባ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ በዕድሜው መካንነት እንደሚገጥመው ያስረዳል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂቶች ዕጣ አይደለም።

ዛሬም ከጃናሞራ ወይም ከደባርቅ ገደል ወጥታ፣ በእግርና በአውቶቡስ ተጕዛ ጎንደር የምትደርስ ሴት ብዙውን ጊዜ የምትመጣው ብቻዋን ነው። ባሏ ሌላ ሊያገባ ያሰበ፣ አማቷ የተማረሩባት፣ በጎረቤት መካን የተባለች ልትሆን ትችላለች። በምርመራ አልጋው ላይ ተኝታ የማኅፀኗ ሥዕል በመስተዋቱ ላይ ሲወጣ የሰሜን ደጋ ልጅ የነበሩት እቴጌ ያላገኙትን ዕድል አግኝታለች። ነገር ግን ባሏ አብሯት ካልመጣ፣ የእርሱም ዘር ካልታየ፣ መሣሪያው ዘመናዊ ሆኖ ፍርዱ የ1875ቱ ፍርድ ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓመት ያህል ያለ መከላከያ አብረው ኖረው ያልወለዱ ባልና ሚስት፣ ሴቲቱ ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፋት ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ፣ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ካርድ ክፍል ተመዝግበው ሊመረመሩ ይገባል።